ባለቤት ያጣው ሁለት መቶ አርባ ሺህ ብር

ሚንሃ ባሏ ከሞተ ሰባት ወር ሆኗታል፤ እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ አላለቀሰችም። ሰው ይታዘባል፤ ይታዘብ። ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር ያለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ «አካም ቡልቴ» ብሎ ሰላም ላላት ሁሉ መልስ ትሰጣለች፣ ሚስማርና ቆርቆሮ ትመዘግባለች፣ ሲመሽ ልጇን ራያን ከጎረቤት ተቀብላ ቤቷ ትገባለች። ምግብ አይጣፍጣትም፣ አይመራትምም። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ብርድ እንኳ እንደ ድሮው አያንቀጠቅጣትም።

ሱቁ የባሏ ቤተሰብ ነው። አማቷ ሐጂ ከድሩ በጉልበታቸው ዘመን ያቋቋሙትን ለአራት ልጆቻቸው አከፋፍለው፣ አሁን በር ላይ ወንበር አውጥተው መቁጠሪያቸውን ይዘው ይውላሉ። ሂሳቡን የያዘው የሚንሃ ባል ኡዘይር ነበር። ኡዘይር ለሶፍትዌር ገንዘብ የሚከፍል ሰው አይደለም። ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ እንደሚመቸው የሚያስተካክለው የሂሳብ ፕሮግራም አገኘና የሱቁን ደብተር በሙሉ ወደዚያ ገለበጠ። ሚንሃም ሰበታ አካውንቲንግ የተማረች ስለሆነች፣ አጠገቡ እየተቀመጠች ኮዱን ሳይቀር ለመደችው።

ፕሮግራሙ ግን የኢንቨስትመንት ሪፖርት ሲባል የሚያወጣው የውጭ አገር አክሲዮን ዋጋና የወለድ ዓምድ ነው። ሐጂ ወረቀቱን አንድ ቀን አዩትና «ወለድ የሚባል ነገር እዚህ ቤት ማን አስገባው?» ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። ሱቁ የሚሠራው በሽርክና ነው፤ ትርፍም ኪሳራም እንደ ድርሻ ነው። ስለዚህ ኡዘይር፣ ማን መቼ ስንት እንዳስገባና ድርሻው ዛሬ ስንት እንደደረሰ የሚያሳይ ሌላ ሪፖርት መጻፍ ጀመረ። ግማሽ ላይ እያለ ከሱሉልታ ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ።

አሁን ቤተሰቡ ሱሉልታ ላይ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ነው። የፊታችን እሁድ ተሰብስበው በሪፖርቱ መሠረት ድርሻ ድርሻቸውን ሊለዩ ተቀጣጥረዋል። ሚንሃ ባሏ የተወውን ኮድ ከፍታ የጎደለውን ጻፈችበት። የእሱን አጻጻፍ ስታይ ሆዷ ይባባል ብላ ጠብቃ ነበር፤ አልባባም። ሰኞ ሪፖርቱ ወጣ። አራቱ የከድሩ ልጆች ከነድርሻቸው ተደርድረዋል፤ ያስገቡት ሲደመር ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ብር። ዋናው መዝገብ ላይ ያለው ካፒታል ግን ሦስት ሚሊዮን ስድስት መቶ አርባ ሺህ ነው።

«ይሄ ሁለት መቶ አርባ ሺህ የማን ነው?» አለ ጃዕፈር፣ የኡዘይር ታላቅ ወንድም። ጃዕፈር ክፉ ሰው አይደለም፤ ቁጥር ሲዛነፍበት ግን እንቅልፍ የለውም።

«እንጃ።»

«ከአራታችን ሌላ ገንዘብ ያስገባ ሰው ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አለች ሚንሃ። ውሸቷን አልነበረም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ መዝገቡን የሚይዘው እሱ ብቻ ነበር። እሁድ ሁሉም ሲሰበሰብ ምን ብዬ ላስረዳ? ለራሱ በጎን አስቀምጦ ነበር ልበል?»

«እፈልገዋለሁ።»

ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። ሚንሃ ጭንቅላቷ የሚያውቀውን ልቧ አልሰማ ብሏት ነው እንጂ፣ ነገሩ ጠፍቷት አይደለም። እስከ እሁድ ካልተገኘ ኡዘይር ሌባ ተብሎ ይቀራል፤ ራያም የዚያ ሰው ልጅ ተብላ ታድጋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ደረሰኝ በደረሰኝ ፈተሸች። የብረቱን፣ የሲሚንቶውን፣ የቀለሙን። አንዲት ብር አልተዛነፈችም። የካፒታሉን መዝገብ ግን ሪፖርቱ አጠቃሎታል ብላ በየስሙ አልከፈተችውም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የራያ መዋዕለ ሕፃናት የላከውን ፎርም ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የልጅ ስም፤ ራያ ኡዘይር። የአባት ስም ከነአያት፤ ኡዘይር ከድሩ። የእናት ስም ከነአባት፤ ሚንሃ ሹኩር።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች።

ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እነሱም እንደማንኛውም የአገሬ ሰው እዚያ ቦታ ላይ የአባት ስም ይሞላሉ። እሷ ሪፖርቱን ስትጨርስ ሥራ ለማቅለል ብላ፣ የቤተሰብ ስሙ «ከድሩ» የሆነውን ሁሉ ሰብስብ ብላ ነበር ያዘዘችው። የእኛ አገር ሴት ደግሞ አግብታም የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው። ያቺን አንድ መስመር አጠፋችና ሪፖርቱን እንደገና አስነሳችው።

አራት የነበሩት አምስት ሆኑ። ሚንሃ ሹኩር፤ ያስገባችው ሁለት መቶ አርባ ሺህ፤ የዛሬ ድርሻዋ ሦስት መቶ ሰማንያ ስምንት ሺህ።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሱቁ ባዶ ሊሆን ሲል ኡዘይር ሊጠይቃት አፍሮ ሲንቆራጠጥ አይታ፣ ለኒካህ መህር፣ ማለትም ጥሎሽ፣ ብሎ የሰጣትን ወርቅ ከእጇም ከአንገቷም አውልቃ «ሂድ ሽጠው» አለችው። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም፤ ሰጥታ ረሳችው። መዝገቡን ከፍታ ማብራሪያው ላይ የጻፈውን አነበበች። «የሚንሃ የመህር ወርቅ። ብድር አይደለም፤ ድርሻዋ ነው።»

ጃዕፈር መጥቶ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ ሁለቴ አነበበው።

«ብድር ብሎት ቢሆን ያንኑ ሁለት መቶ አርባውን መልሰንልሽ ያልቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ቀጥሎም «ተጠራጥሬዋለሁ፣ አፉ በዪኝ፣ ሚንሃ» አለ። ወጥቶ በር ላይ ለተቀመጡት አባቱ ነገራቸው።

ሚንሃ ስክሪኑን እያየች ተናደደች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀችውም፤ ጆሮዋ ጋለ። ከዚያ ወዲያ ከሦስት ዓመት በላይ አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም!

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ጮክ ብላ። «አንተ! እኔ እኮ ራሴን ሰርዤ ሦስት ቀን ሌባ ስፈልግ ነበር! ለምን አልነገርከኝም?» እንባው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ኪቦርዱ ላይ ተንጠባጠበ።

ጃዕፈር ሮጦ ሊገባ ሲል ሐጂ ክንዱን ያዙት።

«ተዋት፣ ልጄ። ተዋት ታልቅስ።»

ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት፤ ቆርቆሮ ሊገዛ የቆመውንም ሰው ትንሽ እንዲጠብቅ ለመኑት።