የብርቄ ባና

የረጠበ የበግ ጠጉር ሽታና ነጭ ሽንኩርት መሳይ የመድኃኒት ሽታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ ዛሬም ቢሆን የያዝኩትን አስቀምጬ ወደ መስኮቱ እሄዳለሁ። ሆስፒታል ውስጥ የመድኃኒትና የመርዝ መረጃ የምሰጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከየጤና ጣቢያው እየደወሉ ልጁ ይህን ጠጣ፣ ሴትየዋ ያን ዋጠች፣ ምን እናድርግ ይሉኛል፣ እኔም የሚደረገውን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዴ ሰውየው የጠጣውን ትራፊ በፌስታል ጠቅልለው ያመጡልኛል፤ ክዳኑ የላላ እንደ ሆነ የመድኃኒቱ ሽታ ይወጣና የጠጉሩንም አስከትሎ ከተቀመጥኩበት አንስቶ መንዝ ያደርሰኛል።

የተወለድኩበት ሰፈር ከሞላሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ የሚርቅ ደጋ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ጉም ይተኛበታል፤ ቤታችን ውስጥም ከሰው ቁንጫ ይበዛ ነበር ብል የሰፈሬ ሰው አይጣላኝም። እኔ የዘጠኝ፣ ታናሽ እህቴ ብርቄ የአምስት ዓመት ልጆች ሳለን አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ባና ለብሰን እንተኛ ነበር። ባናውን አባቴ በጎቹን ሸልቶ፣ እናቴ ጠጉሩን ፈትላ፣ የሰፈሩ ሸማኔ ሠርቶታል፤ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ሲለብሱት ሰው የተጫነ ያህል የሚከብድ፣ ግን ብርድ የሚባል ነገር የማያስገባ ብርድ ልብስ ነበር። ብርቄ ተኝታም የምትለፈልፍ ልጅ ነበረች፤ ባናውን ወደ ራሷ ጠቅልላ እኔን ባዶዬን ታስቀረኛለች፣ እኔም እጎትታለሁ፣ እናቴም ከወዲያ ሆና ሁለታችንንም ትቆጣን ነበር።

ዝናሙ ጋብ ሲል፣ ወደ መስከረም መጨረሻ፣ በጎቹን እናጥብ ነበር። ክረምቱን በጠጉራቸው ሥር የተራባውን ቅማልና እከክ የሚያጠፋ መድኃኒት አባቴ ከገበያ ይገዛል። መድኃኒቱ በራሱ ዕቃ አይመጣም ነበር፤ ነጋዴው ከጀሪካን ወደ ዘይት ጠርሙስ እየቀዳ ነው የሚሸጠው። ጠርሙሱ ጽሑፍ የለው፣ ሥዕል የለው፣ ቢኖረውም ቤታችን ውስጥ ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እኔም ገና ሁለተኛ ክፍል። አባቴ ነጋዴው በቃል የነገረውን «ለአንድ ባልዲ ውኃ አንድ ክዳን» እያለ፣ እንደ ጸሎት እየደጋገመ ቤት ይደርስ ነበር።

በዚያ ዓመት በጎቹ ታጥበው ሲያበቁ ውኃው ተረፈ። ለእናቴ ትራፊ ማፍሰስ ነውር ነበር፤ እሷ እጅ የገባ ነገር ሥራ ሳይሠራ አይወጣም። «የበግ ቅማል የገደለ ለሰው ቁንጫ ያቅተዋል?» አለችና ባናችንን አውጥታ ከባልዲው ነከረችው፣ ቁንጫችን ብዙ ነው ብላም ከጠርሙሱ ሥር የቀረውን ሁሉ ገለበጠችበት፣ በዱላ እያገላበጠች አሳደረችውና በማግስቱ ካቡ ላይ አሰጣችው። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አይተዋት «አንቺ መቼም መላ አታጪም» አሉና የራሳቸውን ባና ተሸክመው ቢመጡ መድኃኒቱ አልቋል። ቅር ብሏቸው ተመለሱ። እናቴ ግን ቀኑን ሙሉ በመላዋ ኮርታ ዋለች፣ እኔም ኮራሁባት።

ፀሐይ የወጣው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ ጉሙ ተመልሶ ባናው ከውስጡ እንደ ረጠበ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ብርቄን ጉንፋን ያዛትና እናቴ ባናውን ለእሷ ብቻ አለበሰቻት፣ ለእኔ የአባቴን አሮጌ ጋቢ ሰጠችኝ። ለምን ለእሷ ብቻ ብዬ አኮረፍኩ።

«ታማለች አይደል፣ ልቀቂላት» አለችኝ።

ብርቄ ከባናው ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ ምላሷን አወጣችብኝ። እኔም «ብቻሽን ሙቂ» ብያት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ለእህቴ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የእናቴ ድምፅ ነበር። ብርቄን ላብ አጥልቋታል፣ ምራቋ በአገጯ ይወርዳል፣ ሳታለቅስ እንባዋ ይፈሳል፣ የጉንጯና የክንዷ ሥጋ ይርገበገባል። የማልረሳው ግን ዓይኗን ነው፤ ብሌኗ ጠብቦ የጤፍ ፍሬ አክሎ ነበር፣ ወደ እኔ እያየችም እንደማታየኝ ታወቀኝ። እትዬ በላይነሽ መጥተው «ምች ነው፣ አሙቋት» አሉ፣ የነፍስ አባታችን ጸበል ረጩላት፣ ሁሉም የሚያውቀውን አደረገ። እሷ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እናቴ ባናውን ይበልጥ ታጠብቅባት ነበር። ብርድ መሰላት።

አባቴና ሦስት ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ሞላሌ ጤና ጣቢያ ሊወስዷት ተነሡ። የደጋው ነፋስ እንዳይመታት እናቴ ከእግር እስከ ራሷ በባናው ጠቀለለቻትና እንዳይፈታ የራሷን መቀነት ፈትታ በላዩ አሰረችበት። እኔ እስከ ወንዙ ተከትያቸው ተመለስኩ። ረፋዱ ላይ ከሩቅ ሲመለሱ አየኋቸው፤ ሲሄዱ እየሮጡ ነበር፣ ሲመለሱ በዝግታ ይራመዱ ስለ ነበር መሞቷን በአካሄዳቸው ዐወቅሁ። ግማሽ መንገድ እንኳን አልደረሱም። ደረቷ ሲንኮራኮር የሰሙ ሁሉ «የሳንባ ምች ነው» አሉ፣ እኛም አመንን።

ባናውን እናቴ ማንም አይለብሰውም ብላ አጣጥፋ ቆጡ ላይ አስቀመጠችው። በጋው አልፎ የበልግ ገብስ ሲዘራ፣ ሥራዋን ይዛ ሳለ ድንገት ቀና ትልና «ምን ነበር ይሆን?» ትል ነበር። ማንንም አትጠይቅም፣ ዝም ብላ ትላለች። ተምሬ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን መምህራችን የተባይ ማጥፊያ መርዝ ምልክቶችን ሰሌዳው ላይ ሲደረድር፣ ላብ፣ ምራቅ፣ እንባ፣ የጠበበ ብሌን፣ እጄ መጻፉን ተወ። መርዙ በቆዳ እንደሚገባ፣ እርጥብ ልብስ እንደሚያባብሰው ያን ቀን ሰማሁ። ጋቢው አተረፈኝ። አባቴ ይህን ሳያውቅ ሞተ፤ እናቴ ግን ፋርማሲስት ከሆንኩ ወዲህ ጥያቄዋን ወደ እኔ አዞረችው፣ እኔም በጠየቀችኝ ቁጥር «የሳንባ ምች ነው፣ እማዬ» እላት ነበር። ለአገር ሁሉ እውነቱን የምነግር ሰው ለእናቴ ስዋሽ ኖርኩ።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ዓይኗን ልትታከም እኔ ጋ መጣች፣ ተራዋ እስኪደርስም ቢሮዬ ተቀምጣ ትጠብቅ ነበር። ስልኩ ጮኸ። ከጀማ ወንዝ ቆላ የምትደውል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች፤ ለማሽላ ተባይ የተገዛ መድኃኒት ለቅማል ብለው የአራት ዓመት ልጅ ራስ ላይ አፍስሰውባታል፣ ልጅቷ ላብና ምራቅ በምራቅ ሆናለች። እናቴ አጠገቤ መኖሯን ረሳሁ።

«የለበሰችውን ሁሉ አውልቁላት» አልኩ። «በሳሙናና በብዙ ውኃ ከራስ ጠጉሯ ጀምራችሁ እጠቧት፣ አንቺም ጓንት አድርጊ። ስትንቀጠቀጥ ብርድ አይምሰልሽ፣ መልሳችሁ በዚያው ልብስ እንዳትጠቀልሏት፣ ሌላ ንጹሕ ፈልጉ። አሁኑኑ መኪና ይፈለግና በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ትሂድ፣ እዚያ ያሉትን እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ወደ ሆስፒታሉ ደውዬ ማርከሻውን አዘጋጁ ካልኩ በኋላ ስልኩን አስቀምጬ ዞር ስል፣ እናቴ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ጨብጣ እያየችኝ ነው።

«ብርድ አይምሰልሽ አልሻት» አለችኝ።

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

«ባናው ነበር።»

«እማዬ፣ ማን ያውቅ ነበር? አንድ የሚነግረን ሰው እንኳን አልነበረም።»

«መቀነቴን ፈትቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች።

እግሯ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። የዓይን ሐኪሙ ተራዋ ደርሶ ሲያስጠራት «ቆይ» አለች፤ ስልኩን ትጠብቅ ነበር። ከቀትር በኋላ ሲደውሉልኝ ፊቴን አይታ «ያቺኛዋስ?» አለች። «ተርፋለች» አልኳት። «ተመስገን» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች፣ ያን ጊዜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ያኔ አባቴ የሚጠይቀው ሰው መድኃኒቱን የሸጠለት ነጋዴ ብቻ ነበር። ዛሬ በዚያው ሰፈር ስልክ የሌለው ቤት የለም፣ በጎቹ አሁንም መስከረም ላይ ይታጠባሉ፣ ጠርሙሱም አሁንም የዘይት ጠርሙስ ነው። እናቴም ስልክ ይዛለች፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትደውልልኛለች። «ምን ነበር ይሆን?» ማለቱን ትታለች። በምትኩ «ያቺ የቆላዋ ልጅ ደኅና ናት?» ትለኛለች። ስሟን አላውቀውም፣ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም ወሬዋን ሰምቼ አላውቅም። «ደኅና ናት፣ እማዬ፣ አድጋለች» እላታለሁ።