ከፈይ የለበሰው መቆጣጠሪያ

ቡሬ ውስጥ የአልጋ እግር ወይም መቋሚያ ያሠራ ሰው ዳኘውን ያውቀዋል። ሙያውን ማንም አላስተማረው፤ አይቶ፣ አበላሽቶ፣ ጠይቆ የለመደ ነው። እንጨት እያዞረ የሚቀርጽበትን ቶርኖ ፍጥነት ለመለወጥ ስንት ዘመን ቺንጋ ሲያወልቅና ሲያጠልቅ ኖረ። ዘንድሮ ግን ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ገጠመለት። ወደ ቤቱ የሚገባው መብራት ሲንግል ፌዝ ስለሆነ፣ ያንን ወደ ሦስት የሚለውጥና ፍጥነቱን እንደ ሬዲዮ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ከሙሄዲን ሱቅ ገዛ። ሙሄዲን በኤሌክትሪክ ዕቃ ንግድ ያረጁ፣ ቃላቸው የታመነ ሽማግሌ ናቸው።

የመጀመሪያ ዕለት ቶርኖው እንደ እንዝርት በዝግታ ሲዞር አይቶ ዳኘው አማተበ።

ያሳሰበው የእንጨቱ ብናኝ ነው። ባለቤቱን ያምሮትን ለመቆጣጠሪያው ልብስ እንድትሰፋለት ለመናት። እሷም ከወፍራም ከፈይ ዘርፍ ያለው ልብስ ሰፋች፤ ስታለብሰው ግን እጇ አመነታ።

«ኧረ አይታፈንም?»

«ሬዲዮናችን ይህን ሁሉ ዘመን ለብሶ ሲኖር መቼ ታፈነ?» ብሎ ሳቀባት።

ብዙም ሳይቆይ ቶርኖው በሥራ መሐል ቀጥ ይል ጀመር። ሲያሳርፉት ይነሣል፣ ደግሞ ይቆማል። የደብሩ በዓል ቀርቧል፤ መቋሚያዎቹም አልደረሱም። በገበያ ቀን ዳኘው እልሁን ይዞ ሙሄዲን ደጃፍ ቆመ።

«ሬሳ ነው የሸጡልኝ!»

«በሰላም ነው ልጄ? እስቲ መጥቼ ልየው።»

«ምኑን ያዩታል? ሰው አታለው ሲያበቁ ደግሞ ሄደው ይሰግዳሉ!»

ገበያተኛው ዞር ብሎ አያቸው። ሙሄዲን ሱቁን ለልጃቸው ለፋሪዳ ትተው፣ ምርኩዛቸውን አንሥተው ተከተሉት።

ቤቱ ደርሰው ቶርኖውን አስነሡት። ሲቆም ከፈዩን ገለጥ አድርገው መቆጣጠሪያውን ነኩና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄን ካባ ማን ደረበለት? ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ በምን ይተንፍስ?»

ያምሮት ወደ ባሏ አየች። ሙሄዲን መቆጣጠሪያውን ከብናኙ ራቅ አድርጎ ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው ነግረውት ወጡ። ዳኘው ሊሸኛቸው እንኳ አልወጣም፤ ከፈዩን ገፎ መቆጣጠሪያውን ሰቀለው። ቶርኖው ቀኑን ሙሉ ሳይቆም ዞረ። እሱ ግን እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ከቅጥሩ ውጭ ቆመ፤ የሰውን ጸሎት በሰደበበት አፉ ምን ብሎ ይጸልይ?

በሚቀጥለው ገበያ ከፈዩን በእጁ ይዞ ያው ደጃፍ ሄደ።

«ወገኖቼ፣ ያን ዕለት የሰማችሁኝ ስሙኝ። ዕቃው ደኅና ነው። አፍኜ ያቆምሁት እኔ ነኝ።»

«የሙሽራ ካባ ነው እንዴ?» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። ዳኘው ግን የባሰው ቀርቶት ነበርና ጆሮው እስኪግል ቀልቶ ቆመ።

«ስግደታቸውንም አንሥቼ ሰድቤያለሁ። ያም ያልሁት ውሸት ነበር። ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።»

ሙሄዲን አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉለት።

«የዕቃውን ይቅር ብዬሃለሁ። የስግደቱን ግን ባለቤቱ ፈጣሪ ሰምቶታል፤ እሱን ለምነው። እሱ ከእኔ ይልቅ መሐሪ ነው። በል ተቀመጥ፤ ከፈዩንም ወዲህ በለው፣ ይሄ አግዳሚ ይቆረቁራል።»

ዳኘው ከፈዩን አነጠፈላቸው። እሱ ግን ባዶው እንጨት ላይ ተቀመጠ።