ከምሳ በኋላ የሚሠራ ስፖርት

የብረት መዝጊያ ሲወርድ የሚያሰማው ያ ረጅም ኳኳታ ዛሬም መንገድ ላይ ድንገት ጆሮዬ ሲገባ፣ የምሳ ሰዓት የደረሰ ይመስለኛል። ዙሉ በሚነገርበት አገር፣ ካትሌሆንግ በሚባል ሰፈር በነበረው ሱቃችን፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ለዳቦም ሆነ ለሞባይል ካርድ የመጣ ሰው መዝጊያውን እያየ ይመለስ ነበር፤ የሰፈሩ ሱቆች ሁሉ ከማለዳ እስከ ምሽት ክፍት ሆነው ሳለ የእኛው ብቻ ለምን እንደሚዘጋ የጠየቀ ካለ፣ አባቴ «ስፖርት ላይ ነን» ይለው ነበር።

አባቴ ጀማል የሀላባ ሰው ነው፤ ግን ይህን ነገር ከአገሩ አላመጣውም። ያመጣብን ራሞን የሚባል ስፔናዊ ሽማግሌ ነበር። አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ጀርሚስተን እየኖረ ፍሪጅ ይጠግናል፤ አንድ ዲሴምበር፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሳይጮኽ በማይውልበት ወቅት፣ የለስላሳው ፍሪጅ ተበላሽቶብን መጣ። ሲጨርስ እናቴ «እንግዳ ሳይበላ አይሄድም» ብላ ሩዝና የበግ ቅቅል አቀረበችለት፤ እሱም አጥንቱን እየጋጠ፣ እያወራ፣ እንደገና እየጋጠ፣ ፀሐዩ ከበራፉ እስኪሸሽ ድረስ በላና ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሞተ እንዴ?» አለች እናቴ።

ሲነቃ በአገሩ ሰው ሁሉ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ለምሳና ለእንቅልፍ ተብሎ ሱቅ እንደሚዘጋ፣ አያቱም እንዲህ እየኖሩ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው እንደሞቱ ነገረን። «ማይ ፍሬንድ፣ የእኛ ስፖርት እኮ ይሄ ነው» ብሎ ሳቀ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ ከጠዋት እስከ ማታ በሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ስለነበር፣ ለድካሙ ፍርድ የተሰጠለት ያህል በጥሞና ሰማው። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ መዝጊያው ወረደ።

በመከር ወቅት፣ ንፋሱ ቅጠል ማራገፍ ሲጀምር፣ ትምህርት ቤት «ቤተሰባችሁ በሳምንት ውስጥ የሚሠራውን ስፖርት ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። አባቴ እጁን ሆዱ ላይ አሳርፎ ያጽፈኝ ጀመር።

«ጻፊ፤ ሰኞ፣ ምሳ። እጅ ከትሪ ወደ አፍ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይህ ክብደት ማንሳት ነው። ቅቅል ካለ የመንጋጋ ልምምድ ጨምሪበት። ከዚያ እንቅልፍ፤ ከቀኝ ወደ ግራ መገላበጥ ለወገብ ነው።»

«ማንኮራፋቱስ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ለሳንባ!»

አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት። መምህርቷ ለክፍሉ ስታነበው ልጆቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ፣ እሷም በቀይ እስክሪብቶ «ይህ ስፖርት አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። አባቴ ወረቀቱን አይቶ «ስፔንን አታውቃትም» አለ፤ እኔም ከእሷ ይልቅ እሱን አመንኩ።

የዚያ አገር ብርዳማ ክረምት ገባ፤ ሣሩ ደርቆ፣ የከሰል ጭስ ሰፈሩ ላይ ተኝቶ የሚውልበት ጁላይ ነበር። አባቴ ከእንቅልፉ ተነስቶ መዝጊያውን ሊከፍት ሲጎነበስ፣ በዳቦ ሳጥኖቹ ላይ ወደቀ። ከውጭ ደንበኞች ያንኳኳሉ፣ እናቴ ውሃ ፊቱ ላይ እየረጨች ስሙን ትጣራለች፣ እኔ በጎን በር ወጥቼ እየጮኽኩ ሰው ጠራሁ፤ ከሚያንኳኩት አንዱ የታክሲ ሹፌር ስለነበር ተሸክሞ ታክሲው ውስጥ አስገብቶት ሦስታችንንም ክሊኒክ አደረሰን።

ሲስተሯ ደም ብዛቱን ለካች፣ አላመነችውምና ደግማ ለካች፣ ከዚያ በዙሉ «ምን ስፖርት ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለቤተሰቡ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ፤ ወደ አባቴ ዞሬ ጥያቄውን ነገርኩት።

«የምንሠራውን ንገሪያት» አለኝ፣ በቀጠነ ድምፅ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ስተረጉም ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ግን ከንፈሩ አመድ መስሎ አየሁትና ፈራሁ። «ሉቶ» አልኳት፤ ምንም ማለት ነው። አባቴ ብዙ ዙሉ ባይችልም ያቺን ቃል ከደንበኞቹ ያውቃታል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መድኃኒት ሰጥተውት፣ ጨው እንዲቀንስና በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ ነግረውት ሸኙን። ከዚያ ሦስት ቀን ስሜን ሳይጠራ ቆየ፤ የፈለገውን ሁሉ «ለልጅሽ ንገሪያት» እያለ በእናቴ በኩል ይልክብኝ ነበር። አባቴን ለባዕድ አሳልፌ የሰጠሁት መሰለኝ።

ቅዳሜ ራሞን እንደልማዱ ለምሳ መጣና የሆነውን ሲሰማ ኮፍያውን አወለቀ።

«ከእንቅልፍ በኋላ ወዴት ነው የምትሄዱት?» አለው።

«ወዴት እንሄዳለን? ሱቅ እንከፍታለን።»

«እኛ እኮ ከዚያ በኋላ እንራመዳለን። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ከተማው በሙሉ እስኪመሽ መንገድ ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁሉም ሰው የሚራመድ መስሎኝ» አለ ራሞን።

እናቴ «ደም ብዛትህ!» ብላ እስክትቆጣው ድረስ አባቴ ሳቀ። እንባውን ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ «ሃያት፣ ጫማሽን አድርጊ። ምንም አይሠራም ያልሻት አንቺ ነሽ፤ ተነሺ እንሂድ» አለኝ።

በየግቢው የኮክ ዛፎቹ ሮዝ ሲያብቡ፣ አሥር ሰዓት ላይ እናቴ ሱቁን ስትከፍት እኛ እንወጣ ነበር። ሰፈሩ አባቴን ለዓመታት ያየው በፍርግርጉ በኩል፣ ከደረቱ በላይ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ ጣቷን ቀስራ «ማሉሜ እግር አለው!» ብላ ጮኸች፣ አጎቴ እግር አለው ማለቷ ነው። የአሥር ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅብን ነበር፤ በየበሩ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ ይሰጣል፣ የታመመ ይጠይቃል፣ ስም ይማራል። ምሳውንም እንቅልፉንም ግን አልተወም። ዓመቱ ሲያልቅ ሲስተሯ ለክታ፣ «እንዲህ ቀጥል» አለችው፤ ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

አባቴ ዛሬም መድኃኒቱን እየዋጠ እዚያው አለ። እኔ ፎቅ በበዛበት ሳንድተን ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ምሳዬን በአንድ እጄ ኮምፒውተር እየነካሁ በጥቂት ደቂቃ እጨርሳለሁ፣ ቀን ተኝቼ አላውቅም፣ ከሥራ በኋላ ጂም ገብቼ የትም በማያደርስ ማሽን ላይ እሮጣለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፣ መምህርቴም ብታየኝ ስፖርት ነው ትለኝ ነበር። ከጎኔ ባለው ማሽን ላይ አንዲት ሴት በየምሽቱ ትሮጣለች፤ ዓመት ሊሞላን ነው፣ ስሟን አላውቅም።