ያልተፈታው እጀታ

ልጄ ጫላ የአባቴን አሮጌ ሰይቼንቶ መኪና ወደ ጥንት መልኳ ሊመልሳት፣ አሰላ ግቢያችን ውስጥ በታትኗታል። ከፋብሪካ አብሯት ያልመጣውን ዕቃ ሁሉ እየነቀለ ይጥላል። ዛሬ የግራው በር እጀታ ላይ ደረሰ።

«እማዬ፣ ይሄ የራሷ ነው?»

የቤንዚኑ ሽታ ልጅነቴን መለሰብኝ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳም እንዲህ ያለች መኪና ነበረቻቸው። አንድ ቀን የበሯ እጀታ ተነቅሎ ጠፋ። በዚያው ሰሞን የግራ በሯ እጀታ ጎድሏት ለከረመችው ለእኛ መኪና እጀታ ተገጠመላት።

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አለ አባቴ።

«ውሸት!» አሉ ኦቦ ገመዳ። «መኪናዬን ቀይ የቀባኋት እጀታውን ሳልነቅል ነው። እጀታውን የነካው ቀለም ከላይ ቢፋቅም ከሥሩ አለ። ፍታውና እንየው!»

አባቴ ካቻቢቴውን አላነሳም። ተያያዙ። ያኔ እናቴ በሠርጓ ቀን የተሰጣትን የሲንቄ በትር ይዛ መካከላቸው ቆመች። ሴት ሲንቄ ይዛ ከቆመች ወንድ እጁን ይሰበስባል፤ ተላቀቁ።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ እጀታውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ዛሬ አይፈታም» አሉ። «ብረት ግን አይረሳም።»

ኦቦ ገመዳ አባቴን ሌባ እንዳሉ ሞቱ። እኔም አባቴን ሌባ ካለ ሁሉ ጋር ስጣላ አረጀሁ። የኦቦ ገመዳ ልጅ ዲንቄ ዛሬም ከአጥሩ ማዶ ትኖራለች።

ጫላ ፊቴን አይቶ፣ «ልተወው እንዴ?» አለኝ።

የእናቴ ሲንቄ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አላነሳሁትም።

«መጀመሪያ ዲንቄን ጥራት» አልኩት። «እሷ ሳታይ እንዳትፈታው።»