በእንቁራሪቷ ጉዳይ የተደረገ ስብሰባ

ጅማ ክረምት ሲገባ እውኑና ሕልሙ ይደባለቁብኝ ነበር። በደርግ ዘመን ነርስነት ስንማር ጊንጆ ሰፈር አንዲት ክፍል ለሦስት ተከራይተን እንኖራለን። ጭጋጉ በመስኮት ይገባል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አፋችን ሲንቀሳቀስ እንጂ ድምፃችን አይሰማም። አራተኛዋ ነዋሪ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ያለችው እንቁራሪት ነበረች። ለላቦራቶሪ ትምህርት ከተያዙት መሃል ከሦስታችን ታናሿ በሹራቧ ኪስ ደብቃ ያወጣቻት ናት። ያን ቀን "አንቺ ሌባ!" ብዬ ስቄባታለሁ።

እኛ ጋ ዓመት ሊሞላት ሲል አበጠች። ሆዷና እግሮቿ ውሃ ቋጠሩ፤ ቆዳዋ ተወጥሮ አብረቀረቀ። ውሃዋን ብንቀይር፣ ዝንብ ይዘን አፏ ድረስ ብናቀርብላት አልበላ አለች። አፍንጫዋን ከውሃው በላይ ለማቆየት ስትታገል ማየት አቃተኝ። እንቁራሪት ወደድኩ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ወድጃት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ተሰበሰብን። ያኔ ያለ ስብሰባ ሳሙና እንኳን አይከፋፈልም። እኔም ቀልደኛ ነኝ ብዬ ድምፄን እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር አወፈርኩና፣ "እርምጃ ይወሰድባት የምትሉ፣ እጅ!" አልኩ።

ሁለተኛዋ ጓደኛችን እየሳቀች እጇን አወጣች። ታናሻችን አላወጣችም። ፊቷ አመድ መሰለ። ወንድሟ መገደሉን የነገሯት በዚሁ "እርምጃ" በሚል ቃል እንደነበር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ምላሴን በቆረጠው!

"ይቅርታ" አልኳት።

ሳፋው ላይ ጎንበስ አለች። "እየተሰቃየች ነው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ትገላገል። እጅ ግን አላወጣም።"

እንቁራሪት የሚይዙልን የላቦራቶሪው ሽማግሌ በትንሽ ብልቃጥ ማደንዘዣ ኤተር ሰጡኝ። "ማሎ፣ እባክሽ ልጄ፣ አደራ፣ አትቸኩሉ" አሉኝ። "መጀመሪያ ትተኛ። ሞተች ብላችሁም አትተዋት፤ ትነቃለች። ከተኛች በኋላ አንጎሏን በመርፌ መውጋት የግድ ነው።"

"እሺ አባባ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ።"

እሑድ ጠዋት ጭጋጉ ሳይገለጥ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥናት። በኤተር የተነከረ ጥጥ አጠገቧ አድርጌ ብርጭቆ ልደፋባት ስል ታናሻችን ከለከለችኝ።

"ብቻዋን አይሁን። እኔ እይዛታለሁ።"

በሁለት መዳፏ አቀፈቻት፤ እኔ ጥጡን አፍንጫዋ አጠገብ ያዝኩላት። ጣፋጩ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ሦስታችንም ከወለሉ ተነስተን የተንሳፈፍን መሰለኝ። ይርገበገብ የነበረው የእንቁራሪቷ ጉሮሮ ቀስ አለ፣ ቆመ። እግሯን ቆነጠጥኩ፤ አልሳበችውም። በመርፌው የወጋኋት እኔ ነኝ።

ይሄኔ ታናሻችን ጮክ ብላ አለቀሰች። ለወንድሟ ማልቀስ ክልክል ስለነበር እንባዋን አይቼ አላውቅም። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ።

"ተይው፣ ይስሙ" አለችኝ። "ለእንቁራሪት ማልቀስ አልተከለከለም።"

መስኮቱን እንደተከፈተ ተውኩትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።