የመናኸሪያው ችብስ የእኔ አይደለም

አውሮፕላኑ የሌሊት ቢሆንም ከአዳማ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ቤልጂየም ያለችው ልጄ ሰናይት ደውላ «እማዬ፣ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ቀደም ብለሽ ውጪ» ስላለችኝ ምሳ እንኳ በወጉ ሳልበላ ተነሳሁ። መናኸሪያው በር ላይ መኪናውን አስቁሜ ኩልሱምን ተሰናበትኳት። ኩልሱም የሁሩታ ልጅ ናት። አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን በአንድ የከሰል ምድጃ ድንች ጠብሰን ሸጠናል። እጇ ዘይት ስለነበረ በክርኗ አቀፈችኝና «ፈረንጅ አገር ሄደሽ ደግሞ ድንች ላጪ እንዳይሉሽ!» አለችኝ። ሳቅን። መኪናው ሲነሳ ግን የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ እስከ ሞጆ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ቃል ማሳመር አልችልበትም። የሰው ሥራ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ዝም ማለትም አልችልም። ችዬ የነበረ ጊዜ አለ፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ከብራስልስ በባቡር ግማሽ ሰዓት በምትርቅ ትንሽ ከተማ ነው። ስለ ብርዱ ሁሉም ስላወራ እኔ አላወራም። እኔን የገደለኝ እርጥበቱ ነው። የአዳማ ነፋስ ያሰጣሽውን ልብስ ዞር ሳትዪ ያደርቅልሻል፤ እዚህ አንድ ካልሲ ሦስት ቀን ይፈጃል። ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኝሽ «ቦንዡር» ይልና ያልፋል። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ ብሎ ነገር የለም፤ አንዲት ቃል ወርውሮ እንደ ሌባ መሮጥ ነው። ድንች ግን ሞልቷል። በየመንገዱ ማዕዘን «ፍሪት» የሚሉትን የድንች ጥብስ ይሸጣሉ፤ ወፍራም ነው፣ ሁለት ጊዜ ይጠብሱትና ነጭ ማዮኔዝ ይደፉበታል። አልዋሽም፣ ይጣፍጣል። ሚጥሚጣ የለውም እንጂ።

የቤቱ ባለቤት ማዳም ኢቬት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ነው የምትኖረው። ድንች በጠበስኩ ቁጥር በራችንን ታንኳኳለች። ሰናይት ታስተረጉማለች።

«ደረጃው ዘይት ዘይት ይሸታል» አለች አንድ ቀን።

«ከተማው ሁሉ ዘይት አይደል እንዴ የሚሸተው?» አልኳት።

«እሱ ፍሪት ነው።»

«ይህስ ምንድን ነው? ጎመን ነው?»

ላለመጣላት ብዬ ምግባቸውን ላደንቅላት አሰብኩ። በእንግሊዝኛ የፈረንሳይ ጥብስ እንደሚባል ሰናይት ነግራኝ ስለነበር «ግድ የለም፣ የፈረንሳዮቹ ድንች ጥሩ ነው» አልኩ። አለመናገር ይሻል ነበር! ሴትዮዋ እንደ በርበሬ ቀላች። «የፈረንሳይ አይደለም! የእኛ ነው! ሰርቀውን ነው!» ጥንት ወንዙ በረዶ ሆኖ ዓሣ ሲጠፋ ቅድመ አያቶቿ ድንቹን በትንንሽ ዓሣ ልክ እየቆረጡ እንደጠበሱት በራችን ላይ ቆማ ተረከችልኝ።

«ማን አየ?» አልኳት።

«ያየ የለም፤ ግን እውነት ነው።»

ስትሄድ ሳቅሁባት። በኋላ ግን አሰብኩት። ይህች ሴት ስማቸውን እንኳ ለማታውቃቸው ሰዎች እንዲህ ከተንቀጠቀጠች፣ እኔ ስሟንም ስልኳንም ለማውቃት ሴት ምን ልሆንላት ነው?

ሰናይት ቢሮ ታጸዳለች። የሚጠቀሙበት ኬሚካል የእጇን ቆዳ ልጦታል፤ ጓንት አይችለውም። የቅዳሜ ገበያ ላይ የእኛን ችብስ ለመሸጥ ቦታ ጠየቀች። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ የሚሰጠው የራሱ ታሪክ ላለው ምግብ ብቻ ነው ተባለ፤ ቅጽ ሞላች፣ ነጠላ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ለጠፈችበት። «እማዬ፣ አንቺ መቀመጥ ብቻ ነው» ብላ ይዛኝ ሄደች።

የቢሮው ሰው ጢሙን ያሳደገ ወጣት ነው። ሕጋቸው ስለሆነ ልጄ እንድታስተረጉም አልፈቀደም፤ በስልክ አንድ አስተርጓሚ አገናኘን። ሰውየው በጥሩ አማርኛ ሰላምታ ሰጠኝ።

«እማማ፣ ይህን ምግብ የፈጠሩት እርስዎ ነዎት ወይ ይላል።»

«የሚፈጥር እግዚአብሔር ነው ልጄ። እኔ ምን ቆርጦኝ።»

«እሱስ ልክ ነው እማማ። ግን ወረቀቱ ላይ ‹እናቴ አስካለ ፈጠረችው› ነው የሚለው።»

ወደ ሰናይት ዞርኩ። ጫማዋን ታያለች።

«ሐሰት ነው!» አልኩ። «የጀመረችው ኩልሱም ናት።»

ከዚያ ሳላቆም ነገርኩት። አዳማ ላይ ሾፌሮች ሁልጊዜ ይከራከሩበት ነበር፤ የአርሲ ነገሌው «ከእኛ ነው የመጣው» ይላል፣ የመቂው «ከእኛ» ይላል፣ አንዱ ሽማግሌ ደግሞ ድሮ በባቡር ከድሬዳዋ የገባ ነው ይላል። እኔ ግን የተጀመረ ዕለት እዚያው ተቀምጬ ነበር። ኩልሱም በስሱ ቆርጣ ጨው ውኃ ውስጥ የነከረችውን ድንች ነጠላ ላይ አስጥታ ረሳችው፤ ነፋሱ አደረቀው። ልትደፋው ስትል ቆጫትና ጠበሰችው፤ ተንኮሻኮሸ። ትኩሱ ላይ ከሁሩታ ከእናቷ ጓዳ ያመጣችውን የገብስ በሶ በሚጥሚጣ ለውሳ ነሰነሰችበት። ይኸው ነው። ድሬዳዋ የለ፣ ባቡር የለ።

አስተርጓሚው አስተላለፈ። ወጣቱ ጻፈ።

«ወይዘሮ ኩልሱም እዚህ ከተማ ነው ወይ የሚኖሩት ይላል።»

«አዳማ ነው።»

«አድራሻቸውስ?»

«መናኸሪያው በር፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ።»

«ይህ ለፖስታ አይበቃም ይላል።»

«ይምጣና ይጠይቅ፤ የማያሳየው ሰው የለም በለው!»

ስልኩ ውስጥ ሰውየው ሳቁን ሲውጥ ሰማሁት። መጨረሻ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። የምግቡ ባለቤት ኩልሱም መፍቀዷን የሚገልጽ ፊርማዋ ያለበት ደብዳቤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልመጣ ማመልከቻው ይዘጋል።

መንገድ ላይ ሰናይት ፈነዳች። «ለአንድ መስመር ጽሑፍ! ለአንድ መስመር ብለሽ እኔን የሰው ሽንት ቤት ልትመልሺኝ ነው?»

«የሰው ስም ሰርቀሽ ነዋ!»

«እኔ ነኝ የሰረቅሁት?» ቆመች። «እማዬ፣ እዚያ አዳማ ታፔላችሁ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

ትቻት መንገዴን ቀጠልኩ። እስቲ ለእናንተ ልመልስ።

ኩልሱም በረመዳን ጨው አትቀምስም፤ ስለዚህ እኔ እቀምስላታለሁ። እኔ በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፌን አልከፍትም፤ እሷ ትቀምስልኛለች። አንዳችን ስንጾም የሌላችን ምላስ ይሠራ ነበር። አንድ ረመዳን እናቷ ታመውባት ሁሩታ ሄደች፤ ወሩን ሙሉ ለብቻዬ ጠበስኩ። አንድ ታፔላ ጻፊ ደንበኛችን «ስጦታዬ ነው» ብሎ በቀይ ቀለም «የእማማ አስካለ ችብስ» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ኩልሱም ትምጣና ትየው አላልኩም። መሰላል ተውሼ በገዛ እጄ ሰቀልኩት። ስትመለስ ቀና ብላ አየችው። «ያምራል» አለች። ከዚያ ተቀምጣ ድንች መላጥ ጀመረች። እኔም ዛሬ አወርደዋለሁ ነገ አወርደዋለሁ ስል ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደወልኩላት።

«አካም ጅርታ አስኩ!» አለች በኦሮምኛዋ እየሳቀች። «በረዶው አልበላሽም?»

ሁሉንም ነገርኳት። የአድራሻውን ነገር ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች። ደብዳቤውን ስጠይቃት ሳቁ ቆመ።

«ደብዳቤ ነው የምትፈልጊው?»

«ስምሽ እንዲጻፍ ነው።»

«እዚያ?»

«አዎ፣ እዚህ።»

«እዚህስ?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አስኩ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አዲስ የሚመጣው ሰው ሁሉ እማማ አስካለ እያለ ነው የሚጠራኝ። ታፔላውን አንብቦ ነው፣ ምን ያድርግ። በፊት በፊት አይደለሁም እል ነበር። አሁን ደከመኝ፤ አቤት እላለሁ።»

«አውርጂው!» ጮህኩ። «አሁኑኑ ሰው ጠርተሽ አስወርጂው!»

«እኔ አልሰቀልኩትም» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የሰቀለው ያውርደው። ያኔ ደብዳቤውን እፈርማለሁ።» ዘይቱ ሲንጣጣ ይሰማኛል። «ደንበኛ መጣ፤ ደህና ሁኚ» ብላ ዘጋችው።

የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም። አሁን ከወጣሁ መመለስ የለም ብለውኛል። ሰናይት በጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፤ ሳህኔን ታቀርብልኛለች፣ አታናግረኝም። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የፈጠረው ሰው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ የእኔ ስም ተሰርዟል። አንድ ቀን ልሂድ ብዬ ሻንጣዬን አወርዳለሁ፣ አንድ ቀን የልጄን እጅ አይቼ እመልሰዋለሁ።

በአዳማ መናኸሪያ የምታልፉ ሰዎች፣ ታፔላውን እንዳትነኩብኝ። እሱ የእኔ ዕዳ ነው። ከሥሩ የተቀመጠችውን ሴት ግን አስካለ ብላችሁ አትጥሯት። ስሟ ኩልሱም ነው።