መሮጥ የጀመርኩት ለማንበብ ነው

ሰው ሲሰማ ይስቃል እንጂ እውነቱ ይሄው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ከስፌት መኪናዬ ተነስቼ የማላውቅ ሴት፣ ደብረ ማርቆስ ዳር በሸራ ጫማ መሮጥ የጀመርኩት ለጤናዬ አይደለም። እትዬ አዝዛኝ ነው።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን እኔን በወለደች በሳምንቱ ስትሞት፣ በላም ወተት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባል መጥቶላት ነበር። "ሕፃኗን ለአክስቷ ስጪና ነይ" ቢላት "እንግዲያው መንገድህን" አለችው። ከዚያ ወዲያ አላገባችም፣ አልወለደችም።

ዓምና እትዬ ታመመች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ቤት ወስዳችሁ አሳርፏት" አለኝ። ስወጣ ፊቴን አየችና ገባት። አላለቀሰችም። የፈራችው ሌላ ነገር ነበር።

በእኛ ዘንድ ቀብር ከመፈጸሙ በፊት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። ከእገሌና ከእገሊት ተወለዱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ የዚህን ያህል ልጆች እናት ነበሩ፣ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ዐረፉ። ያልወለደች አንዲት ጎረቤታችን የሞተች ጊዜ ግን የዕድሩ ጸሐፊ ከ"ተወለዱ" ተነስቶ "ዐረፉ" ላይ ሲደርስ፣ ሰው ነጠላውን እንኳ አስተካክሎ አልጨረሰም። እትዬ ያን ቀን አልረሳችውም።

"እኔን እንደዚያች ምስኪን በሁለት መስመር እንዳትሸኙኝ" አለችኝ። "አንቺው ጻፊው፣ አንቺው አንብቢው። ደግሞ ሳልሞት ልስማው።"

"በስመ አብ! ሟርት ነው እኮ እትዬ!"

"ከዚህ በላይ ምን ሊመጣብኝ?"

እኔ ደግሞ ተማሪ ሆኜ እንኳ ሰሌዳ ፊት ስቆም ስሜን መናገር የሚያቅተኝ ሰው ነበርኩ። ሰው ሲያየኝ ትንፋሼ ይቆረጣል። ከደንበኞቼ የልብስ ልክ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። እትዬ ግን መላ አታጣም።

"መጀመሪያ ትንፋሽ ይኑርሽ። ነገ ጠዋት እስከዚያ መብራት እንጨት ሩጪ። ስትመለሺ ሳትቀመጪ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ልብሽ ሲደልቅ ለመፍራት ጊዜ አይኖረውም።"

የመጀመሪያው ጠዋት አይነሳ። ጉሙ አልገፈፈም፣ ጭቃው ይይዛል። እንጨቱ ጋ ስደርስ ጎኔን ወግቶኝ አቅፌው ቆምኩ። በይጁቤ መንገድ አህያ እየነዱ የሚመጡ ሽማግሌ አዩኝና ባርኔጣቸውን አነሱ።

"ልጄ፣ ማን ሞተ?"

አይፈረድባቸውም። በእኛ አገር ሴት በማለዳ የምትሮጠው መርዶ ይዛ ነው።

"ኧረ ማንም አልሞተም አባቴ። ስፖርት ነው።"

"ስፖርት! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ!" ብለው አህያቸውን ነዱ።

ቤት ገብቼ "ላም ማለብ ይወዱ ነበር" ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላት።

"ነበር? ገና ሽሮዬን እየበላሁ!" ብላ እስክታስል ሳቀች። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንድደግመው አዘዘችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ከመብራት እንጨቱ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወደ ድልድዩ አለፍኩ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን ጎተተው። አዝላኝ ደብረ ኤልያስ ገበያ መሄዷን፣ ትምህርት ቤት አልመዘግብም ያለኝን ሰውዬ ደጃፉ ላይ ውላ ማሸነፏን ጻፍኩ። አህያ ነጂው ሽማግሌም ለመዱኝ፤ ሲያዩኝ "በርቺ!" ይላሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። በሽታም ቀስ በቀስ ይሄዳል ለካ። በመጀመሪያ በር ላይ ቆማ ትሸኘኝ ነበር፤ ኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፤ በመጨረሻ አልጋዋ ላይ ሆና ኮቴዬን ትጠብቅ ጀመር። የእኔ መንገድ ሲረዝም የእሷ ሲያጥር ማየት አንጀቴን ይበላው ነበር። ሩጫውን ልተወው ብል ተቆጣችኝ።

ልጆች የሚጠቀሱበት ቦታ ላይ ስንደርስ "ዝለይው" አለች። "አልወለድኩም። ታቦት ፊት ውሸት አይነበብም።"

ዘለልኩት። ግን አንድ ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። አፌን የፈታሁት እትዬ ብዬ ነው፤ ሌላውን ስም አፌ አልለመደውም። ነገ እላታለሁ አልኩ። በማግስቱም እንዲሁ ነገ አልኩ።

አንድ ማለዳ ኮቴዬን ሳትሰማ ዐረፈች። ለቄሱ ለመንገር በዚያው መንገድ ሮጥኩ። ሽማግሌው ከሩቅ አዩኝ።

"በርቺ ልጄ! ዛሬማ ፈረስ ሆነሻል!"

ማን ሞተ ብለው አልጠየቁኝም። እያለቀስኩ አለፍኳቸው።

በቀብሩ ላይ የዕድሩ ጸሐፊ "ላንብብልሽ?" አለኝ። እምቢ አልኩ። ወረቀቴን ዘርግቼ ቆምኩ። ሕዝቡን ሳላይ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ አየሁ፤ እሷ ስታልቅ የሚቀጥለውን። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። የዘለልነው ቦታ ስደርስ ወረቀቱ ላይ ምንም የለም። ቀና አልኩ።

"የአንዲት ልጅ እናት ነበሩ" አልኩ።

ትንፋሼ አልተቆረጠም። እናቴ ብዬ የጠራኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ተዘግቶ።